ከእቶን በጉጠት የሚወጣው ሸክላ
የራኩ አተኳኮስ ትምህርትና ዕቃውን ለሚነግድ ሰው የሚያሻው ዕውቀት

በውጭ አገር የእጅ ሥራ መደብሮች መስኮት ላይ አንድ ልዩ መልክ ያለው የሸክላ ዕቃ ዘወትር ይታያል። ገላው በከፊል እንደ ከሰል የጠቆረ፣ በከፊል እንደ ወተት የነጣ፣ በነጩም ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጥቁር መሥመር የተሳለበት፣ አልፎ አልፎም እንደ ተወለወለ መዳብ የሚያብረቀርቅ ነው። ከሥሩ በተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ላይ «ራኩ» የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። ገዥው መልኩን አይቶ ይወድደዋል፤ ባለ መደብሩም ዋጋውን ይነግረዋል። ነገር ግን ገዥው «ውኃ ይይዛልን? አበባ ይቀመጥበታልን? ቡና ይጠጣበታልን?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጥ ሻጭ ጥቂት ነው። መልሱ ያለው ዕቃው በተተኮሰበት እሳት ውስጥ ስለሆነ፣ ይህ ሙያ እንዴት እንደሚለመድ መመልከቱ ሸክላ ሠሪውን ብቻ ሳይሆን አስመጪውን፣ ላኪውንና ባለ ሱቁንም የሚጠቅም ነው።

በቅድሚያ መታወቅ የሚገባው በዚህ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ መሆኑ ነው። አንደኛው የጃፓን ሲሆን፣ ሁለተኛው በአሜሪካ ተጀምሮ በዓለም የተሠራጨው ነው። መስኮት ላይ የሚታየው ባለ መዳብ ቀለሙ ዕቃ ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ራኩ የተወለደው በጃፓን አገር፣ በኪዮቶ ከተማ፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቾጂሮ የተባለ፣ የጣሪያ ሸክላ በመሥራት የሚተዳደር ባለሙያ፣ ስመ ጥሩ የሻይ ሥርዓት መምህር በነበረው በሴን ኖ ሪክዩ ጠያቂነት የሻይ ጽዋ ይሠራ ጀመር። ከ1522 እስከ 1591 የኖረው ሪክዩ፣ በዘመኑ መሳፍንት ዘንድ የተወደደውን ከቻይና የሚመጣ ያጌጠ ዕቃ ትቶ፣ ጌጥ የሌለው፣ በሁለት እጅ ሲይዙት የሚመች ጽዋ ይሻ ነበር። ቾጂሮም በመንኮራኩር ሳይጠቀም ጭቃውን በእጁ እያበጀና በስለት እየፋቀ ጥቁርና ቀይ ጽዋ ሠራለት። የአገሩ ገዥ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በኪዮቶ ያሠራው ቤተ መንግሥት ጁራኩዳይ ይባል ስለ ነበር፣ «ራኩ» የሚለው ፊደል ከዚያ ስም እንደ ተወሰደ ይነገራል፤ ትርጓሜውም ደስታ ወይም ዕረፍት ማለት ነው። እንደ ቤተ ሰቡ ትውፊት፣ ይህ ፊደል የተቀረጸበት ማኅተም ለቾጂሮ ተከታይ ተሰጠ፤ ቤተ ሰቡም ፊደሉን የራሱ መጠሪያ አደረገው። ዛሬ ሥራውን የያዘው በ2019 ስሙን የወረሰው የ16ኛው ትውልድ ሰው ነው። ስለሆነም በኪዮቶ ራኩ ማለት በነጋዴ ቋንቋ የአንድ ቤት ማርክ ማለት ነው።

የዚህ ቤት አሠራር ለንግድ ሰው እንግዳ ነው። እያንዳንዱ ትውልድ የሚቆፍረው የሸክላ አፈር ለልጅ ልጆቹ እየተጠራቀመ ይቆያል፤ የዛሬው ሠሪም አያቶቹ ያኖሩለትን ይጠቀማል። ለጥቁሩ ጽዋ የሚሆነው ልባስ የሚዘጋጀው ከካሞ ወንዝ ከሚለቀም ድንጋይ ነው። ጥቁሩ ጽዋ በትንሽ የከሰል እቶን ውስጥ አንድ በአንድ ገብቶ፣ ወናፍ እየተነፋበት፣ ወደ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ይተኮሳል፤ ልባሱ በቀለጠ ጊዜም ፍም እንደ መሰለ በጉጠት ተይዞ ይወጣል። ጉጠቱ ያረፈበት ቦታ በጽዋው ላይ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፤ ያንንም ጠባሳ የሻይ ሰዎች እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጌጥ ይቈጥሩታል። ቀዩ ጽዋ ግን በዝቅተኛ ሙቀት፣ በ800 ዲግሪ አካባቢ፣ የሚበስል ነው። አንድ የጣሪያ ሸክላ ሠሪ ያበጀው ጽዋ በቤተ መዘክር ተከብሮ መቀመጡን የሚሰማ ሰው፣ ሸክላ ሠሪን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ ለረጅም ዘመን በቈየበት አገር ያደገ እንደሆነ ጥቂት ማሰቡ አይቀርም።

ይህ ሙያ ወደ ምዕራቡ ዓለም የተሻገረው በአንድ የግብዣ ምሽት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በርናርድ ሊች የተባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ በ1911 በቶኪዮ ከተማ ከወዳጆቹ ጋር በአንድ ቤት ተጋብዞ ሳለ፣ አንድ ጊዜ የተተኮሰ ያልተለበሰ ሸክላ ቀርቦለት ሥዕል እንዲሥልበት ተጠየቀ። ሸክላው ልባስ ተቀብቶ በትንሽ እቶን ገባ፤ አንድ ሰዓት ያህል እንደ ቈየም እንደ ፍም እየበራ በጉጠት ወጥቶ በእንግዶቹ ፊት ቀዘቀዘ። ሊች በዚያ ቀን ሸክላ ሠሪ ለመሆን ቈረጠ። በ1920 ከጃፓናዊው ሐማዳ ሾጂ ጋር በእንግሊዝ አገር በሴንት አይቭስ የሸክላ ሥራ ቤት አቋቋመ፤ በ1940 ባሳተመው የሸክላ ሠሪ መጽሐፍም የራኩን አሠራር ገልጦ ጻፈ።

መጽሐፉን ካነበቡት አንዱ በካሊፎርኒያ በክሌርሞንት ከተማ በስክሪፕስ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ፖል ሶልድነር ነው። ሶልድነር በ1960 በአንድ የእጅ ሥራ ትርዒት ላይ ሙያውን እንዲያሳይ ተጠይቆ፣ መጽሐፉን እየተመለከተ ቀላል እቶን ሠርቶ ሸክላውን ተኰሰ። ከእሳት አውጥቶ በውኃ ባቀዘቀዘው ጊዜ መልኩ ደስ አላሰኘውም። ስለዚህ የሚቀጥለውን ዕቃ ገና እንደ ፍም እያለ በአቅራቢያው ከነበረ የበርበሬ ዛፍ በወደቀው ቅጠል ላይ አንከባለለው። ቅጠሉ ነደደ፤ ጢሱ ሸክላውን አጠቈረው፤ ልባሱም ያልተጠበቀ መልክ አወጣ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሥራ ቤቶች «ራኩ» እየተባለ የሚማሩት ይህንኑ ጢስ የተጨመረበትን አሠራር ነው፤ በኪዮቶው ቤት ግን ዕቃውን በቅጠል ወይም በሰጋቱራ ማጠን የሚባል ነገር የለም።

ስሙ ጠብ ሳያመጣ አልቀረም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኪዮቶ በተደረገ የእጅ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ሶልድነርና ባልደረባው ሪክ ሐርሽ ከራኩ ቤተ ሰብ ወገን ጋር በስሙ ይገባኛልነት ተከራከሩ። የጃፓኖቹ ሐሳብ፣ ሌላው ሠሪ ሥራውን በራሱ ስም ይጥራ፣ ራኩ ግን የቤታችን ስም ነው የሚል ነበር። ክርክሩ ፍርድ ቤት የደረሰ አይደለም፤ ቃሉም በዓለም ገበያ የአተኳኮስ ስም ሆኖ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ሐቀኛ ነጋዴ «የጃፓን ራኩ» ብሎ የሚሸጠው ከጃፓን የመጣውን ብቻ ሊሆን ይገባል፤ በካሊፎርኒያ ወይም በእንግሊዝ አገር የተሠራውን በዚያው ስም መሸጥ ገዥን ማታለል ነው።

ወደ ትምህርቱ እንመለስ። ራኩን ለመማር የሚመጣ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚቸኩለው ወደ እሳቱ ነው። መምህሩ ግን ከጭቃው ያስጀምረዋል፤ ምክንያቱም ተራ ሸክላ ከ900 ዲግሪ ሙቀት በድንገት ወጥቶ አየር ሲነካው ከመሰንጠቅ አይድንም። ለዚህ ሥራ የሚሆን ጭቃ ተወቅጦ የተነፋ ገል ወይም ሻካራ አሸዋ በብዛት ይጨመርበታል። ገሉ አስቀድሞ እሳት ያየ ስለሆነ እንደ ገና አይሸማቀቅም፤ በጭቃው ውስጥም ክፍተት ስለሚሰጥ ሙቀቱ ሲለዋወጥ ሸክላው ትንፋሽ ያገኛል። የኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪዎችም በምድጃ ላይ ለሚጣድ ዕቃ የሚሆነውን ጭቃ በዚሁ ምክንያት በገል ወይም በአሸዋ የሚያደልቡ ስለሆነ ነገሩ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም።

ቅርጹም የራሱ ሕግ አለው። ውፍረቱ በሁሉም በኩል እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ወገን ወፍሮ ሌላው ከሳስቶ እንደሆነ የሳሳው ቀድሞ ይቀዘቅዝና ወፍራሙን ይጐትተዋል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይነሣል። ክብና ሆዳም ዕቃ እሳቱን ይችላል፤ ሰፊና ዝርግ ሳሕን ግን ብዙ ጊዜ ከመካከሉ ይፈነዳል። እጀታ ያለው ዕቃም በመገጣጠሚያው በኩል አደገኛ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ትንሽ ጽዋ ወይም እንስራ መሰል ማሰሮ መሥራት ነው፤ ሳሕን የመሥራት ምኞት ለሌላ ጊዜ ይቈያል።

ዕቃው በጥላ ሥር በሚገባ ከደረቀ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ 1000 ዲግሪ አካባቢ ቀስ ተብሎ ይተኰሳል። ይህ ተኩስ ጊዜ የሚወስድና ጥድፊያ የማይወድ ነው። በጭቃው ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን 573 ዲግሪ ሲደርስ ባንድ ጊዜ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው ሙቀት ላይ ባንድ ጊዜ ይኰማተራል። ዕቃው በሁለተኛው ተኩስ ጊዜ ይህን መሰናክል በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ተኩስ ጊዜ ያልታየ ረቂቅ ስንጥቅ ያን ጊዜ ይገለጣል። ልምድ ያለው ሠሪ የተተኰሰውን ዕቃ በጣቱ ቋ ቋ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠው ለሁለተኛው እሳት ይታጫል፤ የፈዘዘ ድምፅ የሰጠውን ወደ እቶን መልሶ ማስገባት ጋዝ ማባከን ነው።

ከዚያ ልባሱ ይመጣል። ባለሙያዎች ግሌዝ የሚሉት ይህ ልባስ፣ በውኃ ተበጥብጦ የሚቀባ፣ በእሳት ቀልጦ መስተዋት የሚሆን የድንጋይ ዱቄት ነው። በአሜሪካ ብዙ ተማሪ የሚጀምርበት ቀላል ቀመር 80 እጅ ጌርስትሊ ቦሬት የተባለው የቦሮን ማዕድንና 20 እጅ ኔፈሊን ሳይናይት ወይም ፌልድስፓር ነው። በዚህ ላይ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ሲጨመር ነጭ፣ የመዳብ ካርቦኔት ሲጨመር ደግሞ አረንጓዴ ወይም የመዳብ መልክ ይገኛል። ጌርስትሊ ቦሬት ከካሊፎርኒያ ከአንድ ማዕድን ቦታ የሚወጣ ነበር። በ2000 ገደማ ቁፋሮው በቆመ ጊዜ ገዥው በእጁ ያለውን ማጠራቀም፣ አቅራቢዎችም ምትክ መፈለግ ያዙ፤ ምትኩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆን እያለ ብዙ ሠሪዎች ቀመራቸውን እንደ ገና ሊያስተካክሉ ግድ ሆነባቸው። የጥሬ ዕቃ ምንጩ አንድ ብቻ የሆነ ነጋዴ የሚያውቀው ችግር ነው።

አሁን የሁለተኛው ተኩስ ቀን ደረሰ እንበል። እቶኑ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የብረት በርሜል የተሠራ፣ ውስጡ ሙቀት በሚከላከል የሴራሚክ ጥጥ የተለበጠ፣ ከታች በጋዝ ማቃጠያ የሚነድ፣ ከላይ የጢስ መውጫ ያለው ነው። የተለበሱት ዕቃዎች አስቀድመው በእቶኑ ክዳን ላይ ተቀምጠው ይሞቃሉ፤ እርጥበት ይዞ የገባ ዕቃ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ይፈነዳልና። ማቃጠያው ከተለኰሰ በኋላ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሙቀቱ ከ900 እስከ 1000 ዲግሪ ይደርሳል።

ተማሪው መለኪያ መሣሪያ ቢኖረውም መምህሩ በዓይኑ እንዲያይ ያስገድደዋል። በመመልከቻው ቀዳዳ ሲታይ፣ ልባሱ መጀመሪያ እንደ ደረቀ ኖራ ነው። ቀጥሎ እንደ ገንፎ ይንተከተካል፤ አረፋውም ያብጣል፣ ይፈነዳል። ብዙ ጀማሪ በዚህ ጊዜ ደረሰ ብሎ ዕቃውን ያወጣዋል፤ የሚያገኘውም በትናንሽ ጉድጓዶች የተበሳሳ፣ ጐርበጥባጣ ገላ ያለው ዕቃ ነው። ትንሽ የታገሠ ግን አረፋው ረግቶ፣ ልባሱ እንደ እርጥብ መስተዋት ሲያንጸባርቅ፣ ዕቃውም በሙሉ የብርቱካን መልክ ይዞ ሲበራ ያያል። በዚያች ቅጽበት ጋዙ ይዘጋል፤ እቶኑም ይከፈታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በደቂቃ የሚለካ አይደለም፤ በሴኮንድ ነው። አንዱ ሰው ዕቃውን በረጅም ጉጠት ያነሣል፤ ሌላው ሰጋቱራ፣ የተቀዳደደ ጋዜጣ ወይም ደረቅ ቅጠል የተነሰነሰበትን የብረት በርሜል ከፍቶ ይጠብቃል። ዕቃው ሰጋቱራውን እንደ ነካ እሳት ቦግ ብሎ ይነሣል። ረዳቱ ጥቂት ተጨማሪ ሰጋቱራ ከላይ ጥሎ ክዳኑን ይደፋል። ነጭ ልባስ ላይ የሸረሪት ድሩ መሥመር እንዲወጣ የሚፈልግ ሠሪ፣ በጉጠት የያዘውን ዕቃ ወደ በርሜሉ ከማስገባቱ በፊት ለጥቂት ሴኮንድ በአየር ላይ ያቆየዋል፤ በዚያን ጊዜ ልባሱ ሲሰነጣጠቅ እንደ ቀጭን ሽቦ የሚያቃጭል ድምፅ ይሰማል። የመዳብ መልክ የሚሻ ግን ፈጥኖ ይከድናል። እነዚህን ሁለት ፍላጎቶች በአንድ ዕቃ ላይ አስማምቶ ማግኘት ነው ዓመት የሚፈጀው። አሠራሩን በአንድ ከሰዓት ማየት ይቻላል፤ ተማሪው ግን ለአንድ ጥሩ ዕቃ ብዙ ገል ይጥላል።

ዕቃው በተከደነው በርሜል ውስጥ ሩብ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ይቈያል። በዚያ ውስጥ የሚሆነው ነገር እንዲህ ነው። ሰጋቱራው መንደድ ይፈልጋል፤ ክዳኑ ግን አየር ይከለክለዋል። ስለዚህ እሳቱ የጐደለውን ኦክሲጅን በልባሱ ውስጥ ካለው የመዳብ ኦክሳይድ ይነጥቃል፤ ኦክሲጅኑን የተነጠቀው መዳብም ወደ ብረትነቱ ተመልሶ ያብረቀርቃል፣ ወይም ይቀላል። ያልተለበሰው የሸክላ ክፍል የጢሱን ካርቦን ጠጥቶ ይጠቊራል፤ በልባሱ ስንጥቆች ውስጥ የገባው ካርቦንም ያን የሸረሪት ድር ይሥላል። የፈረስ ጭራ በጋለ ሸክላ ላይ ጥለው በተቃጠለው ፀጉር መሥመር የሚያስጌጡም አሉ።

ስለ ጥንቃቄው ጥቂት ማለት ይገባል። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ የሚሠራ ነው። ተማሪው ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ የተሸፈነ ጫማና የጥጥ ወይም የሱፍ ልብስ ይለብሳል፤ ናይሎን በሰውነት ላይ ይቀልጣል፤ ነጠላና የተንዘረፈፈ ቀሚስ እሳት ይስባል። የጋለ ዕቃ ሲሚንቶ ላይ ቢቀመጥ ሲሚንቶው ሊፈነጠር ስለሚችል፣ ሥራው በአሸዋ ወይም በጡብ ላይ ይደረጋል። የሴራሚክ ጥጡ ብናኝ ለሳንባ የማይስማማ ስለሆነ እቶኑን የሚለብጥ ሰው አፍና አፍንጫውን በተገቢው ጭንብል ይሸፍናል።

ይህን ሁሉ ያየ ነጋዴ፣ በመስኮቱ ላይ ያለውን ዕቃ በሌላ ዓይን ይመለከተዋል። መልሱም ይኸው ነው፦ ራኩ ውኃ አይቋጥርም። ገላው በዝቅተኛ ሙቀት የበሰለ ስለሆነ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ልባሱም ራሱ የተሰነጣጠቀ ነው። በምዕራቡ አሠራር የተተኰሰ የአበባ ማስቀመጫ ውኃ ቢሞላበት፣ በማግሥቱ የቆመበት ጠረጴዛ ላይ ክብ ርጥበት ይገኛል። በኢትዮጵያ አዲስ ድስት ወይም ጀበና ሲገዛ ይሟሻል፤ ቅባቱና ምግቡ የሸክላውን ቀዳዳ ይዘጋዋል። የተሰነጣጠቀ የመስተዋት ልባስ ያለው የጌጥ ዕቃ ግን በማሟሸት አይድንም። በገበያ የሚሸጠው ማሸጊያ ፈሳሽ መፍሰሱን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ዕቃውን ለምግብ የሚሆን አያደርገውም። አበባ ለማኖር የሚሻ ደንበኛ በውስጡ የብርጭቆ ወይም የብረት ቱቦ እንዲያስገባበት መንገር ይበቃል።

ከመፍሰሱ የከፋው ግን እርሳስ ነው። በቀድሞው ዘመን የራኩ ልባስ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ የሚደረገው በእርሳስ ነበር፤ የሊች መጽሐፍም ይህንኑ ያስተምር ነበር። ዛሬ ብዙ ሠሪዎች በቦሮን ቢተኩትም፣ የድሮ ቀመር የሚከተል ሠሪና በእርሳስ የተለበሰ አሮጌ ዕቃ ከገበያ አልጠፉም። እርሳስ ያለበት ልባስ ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ሌላ ጐምዛዛ ነገር ሲነካው እርሳሱን ወደ መጠጡ ይለቅቃል፤ ጉዳቱም በሕፃናት ላይ ይበረታል። መዳብም ቢሆን በዚሁ መንገድ ከልባሱ ሊወጣ ይችላል። ላቦራቶሪዎች ይህን የሚፈትኑት ዕቃውን 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ባለበት ውኃ ሞልተው ለ24 ሰዓት በማቆየት፣ ወደ ፈሳሹ የወጣውን እርሳስና ካድሚየም በመለካት ነው። የአውሮፓ ማኅበርም በ1984 ባወጣው መመሪያ የሁለቱን ወሰን ደንግጓል። በአሜሪካ ደንብ፣ ለምግብ የሚሆን የሚመስል ነገር ግን እርሳስ ያለበት የጌጥ ሸክላ ለምግብ የማይሆንና ምግብን ሊመርዝ የሚችል መሆኑ በግልጽ እንዲጻፍበት፣ ወይም ምግብ ሊይዝ የማይችል እንዲሆን ቀዳዳ እንዲበሳበት ታዟል። ስለዚህ ራኩን የቡና ሲኒ ብሎ የሚሸጥ ባለ ሱቅ፣ ልባሱ ምን እንደ ሆነ በጽሑፍ ካልያዘ፣ የሚያተርፈው ጥቂት ገንዘብ ከሚደርስበት ክስ ጋር አይመዛዘንም።

ሦስተኛው ጉዳይ የመዳቡ መልክ ነው። በበርሜሉ ውስጥ ኦክሲጅኑን የተነጠቀው መዳብ፣ ከበርሜሉ ከወጣ በኋላ በወራትና በዓመታት ውስጥ አየሩን እንደ ገና እየሳበ ይደበዝዛል፤ ቀዩም ወደ አረንጓዴ ሊያዘነብል ይችላል። ፀሐይ በሚመታበት መስኮት የተቀመጠ ዕቃ ባለ ሱቁ ሳያውቅ መልኩ ይለወጥበታል። ይህ በተለይ ልባሱ በስሱ በተቀባ፣ በማያንጸባርቅ የመዳብ ዕቃ ላይ ይታያል፤ ወፍራም የመስተዋት ልባስ ያለው ይሻላል። ስለዚህ ዕቃውን ከፀሐይ አርቆ ማስቀመጥና ለገዥው አስቀድሞ መንገር፣ በኋላ «መልሱልኝ» ከሚል ደንበኛ ጋር ከመጨቃጨቅ ያድናል።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ሸክላ አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ያለ መንኮራኩር በእጃቸው አበጅተው፣ በእንጨት፣ በኩበትና በገለባ በሜዳ እሳት ይተኩሳሉ፤ ጥቁር ዕቃ የሚሹትም የጋለውን ሸክላ በጢስ ያጠቊሩታል። ጢሱ የሚሠራው ሥራ ከሶልድነር በርሜል ጋር አንድ ነው፤ እሳት አየር ሲያጣ ካርቦኑ ወደ ሸክላው ይገባል። ይሁን እንጂ በዚህ አሠራር የመስተዋት ልባስ የለም፤ ጀበናውም ለምድጃ የተሠራ እንጂ ለመስኮት የተሠራ አይደለም። ስለሆነም ጥቁር ጀበና ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ዋጋ ይጨምርልኛል ብሎ «ራኩ» ብሎ ቢሰይመው ስሕተት ነው። የራሱ ስም፣ የራሱ አገርና የራሱ ሥራ አለው። ገዥውም ዕቃው ልባስ የሌለው፣ በእሳት ላይ የሚጣድና የሚሟሽ መሆኑን ቢያውቅ ይመርጣል።

በጉምሩክ በኩል፣ በዓለም አቀፉ የሸቀጦች አመዳደብ ሸክላ የሚገኘው በምዕራፍ 69 ነው። ፖርሴሊን ያልሆነ የገበታና የወጥ ቤት ሸክላ በ69.12፣ ሐውልትና ሌላ የሸክላ ጌጥ ግን በ69.13 ይመደባል። ራኩን እንደ ጌጥ የሚያስመጣ ሰው በፋክቱሩ ላይ «ሲኒ» ወይም «ሳሕን» ብሎ ቢጽፍ ዕቃው በሌላ መስመር ሊመደብበት ይችላል፤ ከዚያም አልፎ ለምግብ ዕቃ የሚጠየቀውን ማስረጃ እንዲያቀርብ ሊታዘዝ ይችላል። በፋክቱሩ ላይ የሚጻፈውና በዕቃው ላይ የሚለጠፈው ቃል አንድ ይሁን።

ማሸጉ ከፖርሴሊን ይበልጥ ይከብዳል። ራኩ በዝቅተኛ ሙቀት የበሰለ ስለሆነ ጠርዙ በቀላሉ ይሸረፋል፤ የተሰነጣጠቀው ልባስም ጥፍር የሚያክል ቅራፊ ይጥላል። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ተጠቅልሎ በካርቶን፣ ካርቶኑም ዙሪያውን በተሞላ ሌላ ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ዕቃ በሌላው ላይ አይነባበርም። ወረቀት ከገለባ ይመረጣል፤ ብዙ አገሮች ገለባን በእፅዋት ተባይ ምክንያት አያስገቡምና። የእንጨት ሣጥን የሚጠቀም ላኪም እንጨቱ በሙቀት ወይም በጢስ መድኃኒት የታከመና የዓለም አቀፉ ምልክት የታተመበት መሆኑን ያረጋግጥ።

ስለ ዋጋው ክርክር ሲነሣ፣ ሠሪው የሚቈጥረው የተረፉትን ዕቃዎች ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ያህል አሥር ዕቃ ተተኩሶ ሁለቱ በጉጠት ላይ ቢሰነጠቁ፣ ሁለቱም መልካቸው ቢበላሽ፣ የአራቱ ጭቃ፣ ልባስና ጋዝ በቀሩት በስድስቱ ዋጋ ላይ ይጫናል። ሌላው ነጋዴዎችን የሚያስቸግረው የትእዛዝ ነገር ነው። «እንደዚህ ያለ አሥራ ሁለት» ብሎ ናሙና ልኮ የሚያዝዝ ገዥ፣ ለፋብሪካ የሚሆነውን ትእዛዝ ለእሳት እየሰጠ ነው፤ መጠኑንና ቅርጹን ማስያዝ ይችላል፣ ቀለሙን ግን አይችልም። ይህን የተረዱ አስመጪዎች ሃያ ያህል ዕቃ እንዲተኰስ አዝዘው ከእቶኑ አጠገብ ይመርጣሉ። ሩቅ ላለው ገዥ ደግሞ ሠሪው እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር በፋክቱሩ፣ በካርቶኑና በዕቃው ሥር ይጻፋል። ሣጥኑ ሲከፈት አስመጪው ፎቶግራፉን ከዕቃው ጋር ያስተያያል፤ የጐደለ ወይም የተሸረፈ ካለም የመድን ጥያቄውን በዚያው ቁጥር ያቀርባል።